«አልገባኝም» ያለ ልጅ የት ይቀመጥ?

በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ አጀንዳ ላይ፣ ከመኖሪያ ፈቃድና ከመኝታ ቤት ክፍያ ጥያቄዎች በታች፣ በመጨረሻው ተራ ቁጥር የሰፈረ አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም በዓርብ ትምህርት ቤታችን የሚማሩት ሕፃናት በምን መለኪያ በቡድን ይከፈሉ የሚለው ነው። የመጨረሻ ተራ ቁጥር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስብሰባ የሚያዘወትር አባል ሁሉ ያውቀዋል። ግማሹ ሰው ሜትሮው ሳይዘጋ ብሎ ተነሥቶ ሄዷል፤ የቀረው እጁን የሚያወጣው ቶሎ ወደ ቤቱ ለመሄድ ነው። ስለሆነም በዚያ ክፍል የምናስተምር የሕክምና ተማሪዎች አቋማችንን አስቀድመን በዚህ ገጽ ላይ ማስፈር ግድ ሆኖብናል።

ትምህርት ቤቱን አይተው ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት እንበል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ካይሮ፣ በአንዲት የተከራየናት ክፍል ውስጥ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸው 24 ልጆች ለሁለት ሰዓት አማርኛ ይማራሉ። አብዛኞቹ እናቶች በሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ዓርብ የእነርሱም የዕረፍት ቀን ነው፤ ያቺኑ አንዲት ቀን ነው ለእኛ የሚያካፍሉን። ከልጆቹ አንዳንዶቹ አገር ቤት ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ደርሰው የመጡ ናቸው። ሌሎቹ እዚሁ ተወልደው በዐረብኛ የተማሩ ስለሆኑ ደብተሩን ከኋላው ይገልጡታል፤ «አበበ» ጻፉ ሲባሉም ከቀኝ ይጀምራሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያገኘውን ሁሉ ሲያነብ፣ አጠገቡ የተቀመጠው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ «ለ»ን ከ«ሰ» አይለይም። እነዚህን ሁሉ ባንድ ሰሌዳ ፊት ደርድሮ ባንድ ድምፅ ማስተማር እንደማይቻል ማንም ይስማማል። ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው።

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ የተወሰነው ይህ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ፈተና ይፈተኑ፤ ከአንደኛ እስከ ሃያ አራተኛ ደረጃ ይውጣላቸው፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ልጅ ይምሩ። እኛ ተቃውመን በድምፅ ተሸነፍን፤ ፈተናው ተሰጠ፤ ዝርዝሩም ከሰሌዳው ጎን ተለጠፈ። ከዚያን ዕለት ወዲህ አምስት ዓርብ አልፏል። ከዝርዝሩ ግርጌ ከነበሩት ስድስት ልጆች አራቱ አልተመለሱም። የአንደኛው እናት በመንገድ አግኝታን፣ «ወንድሜ፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር ሆዴን ይላል፤ እናንተ ሐኪሞች አይደላችሁም? አንድ ነገር ስጡት እንጂ» ብላናለች። ይህ ሆድ ቁርጠት በሕፃናት ሕክምና መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የታወቀ ነው። በትምህርት ቀን ጠዋት ይነሣል፤ ልጁ እንዲቀር ከተፈቀደለት እኩለ ቀን ሳይሞላ ይለቀዋል። ልጁ አልዋሸም፤ ሕመሙ እውነተኛ ሕመም ነው። መድኃኒቱ ግን ከፋርማሲ አይገዛም።

አንድ ለአምስት የሚባለውን አደረጃጀት ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስተዋወቅ አያሻም። አብዛኞቻችን ከ2003 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስንማር በውስጡ አልፈናል። በመሠረቱ ልጅ ከልጅ ይማራል የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው፤ አዲስም አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደረሰው ልጅ ፊደል ለሚቆጥረው ያስቆጥረው ነበር። በቁርአን ቤትም እንደዚሁ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሉሕ ይዞ በራሱ ምዕራፍ ላይ ይገኛል። ሁሉም ባንድ ጥላ ሥር ተቀምጦ እያንዳንዱ በየራሱ ገጽ ላይ ነው። የአንድ ለአምስት ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። መሪውን የመረጠው የዓመቱ ውጤት ስለሆነ መሪው ሁልጊዜ መሪ፣ ተመሪውም ሁልጊዜ ተመሪ ሆኖ ይቀራል። የቤት ሥራውን መሪው ይሠራል፤ አምስቱ ይገለብጣሉ፤ መምህሩም ስድስት ትክክለኛ ደብተር አርሞ ስድስት ልጅ እንደ ገባው ይመዘግባል። በዚህ ሁሉ ውስጥ፣ «አንተ በበኩልህ የትኛው ነው ያልገባህ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ የለም።

ጥያቄው አለመጠየቁ የሚያስከትለውን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ጥናት ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ከሰሌዳ ወደ ደብተር ሲገለብጡ የኖሩ ናቸው። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይወድቁ እንዲያልፉ ሲደረግ በየጊዜው ይመዘናሉ ከሚል ሐሳብ ጋር ነበር። ማለፉ በሥራ ላይ ዋለ፤ መመዘኑ ግን በብዙ ቦታ ወረቀት መሙላት ሆኖ ቀረ።

እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ልጁ ራሱን ይመዝን፤ ለዚያ ዕለት የሚመደብበትንም ቡድን በመጀመሪያ ደረጃ የሚወስነው የራሱ ቃል ይሁን። ፖል ብላክና ዲላን ዊልያም የተባሉ የለንደን መምህራን በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ተማሪ ራሱን መመዘኑ ትርፍ ነገር ሳይሆን የመማሩ አንዱ ክፍል ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ከዚያ ወዲህ በብዙ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ልጆች በትራፊክ መብራት ቀለማት «ገብቶኛል፣ ትንሽ ያጠራጥረኛል፣ አልገባኝም» እያሉ ደብተራቸው ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ቀለሙን ግን እኛ አንፈልገውም። ከልጆቻችን አንዳንዶቹ ከ2018 እ.ኤ.አ. የትምህርት ማሻሻያ ጋር በግብፅ ትምህርት ቤቶች የመጣውን በቀለም የመመዘን አሠራር ያውቁታል፤ ሰማያዊ ከሁሉ በላይ፣ ቀይ ከሁሉ በታች ነው። ለእነርሱ ቀለም ማዕረግ ሆኗል። ስለዚህ በእኛ ክፍል ልጁ ሲወጣ ደብተሩን ከሦስት ቦታ ባንዱ አስቀምጦ እንዲሄድ እናድርግ። ብቻዬን እችላለሁ የሚል በመስኮቱ ሥር፣ አንድ ሰው አጠገቤ ይኑር የሚል በጠረጴዛው ላይ፣ እንደገና ይነገረኝ የሚል በበሩ አጠገብ። የሚቀጥለው ዓርብ ትምህርት ከእነዚህ ሦስት ክምሮች ይጀምራል።

በዚህ ላይ የሚቀርበው ተቃውሞ ጠንካራ ስለሆነ ሳንሸሽ እናንሣው። ልጅ ምን ያውቃል? አዋቂስ ራሱን ያውቃል ወይ? በ1999 እ.ኤ.አ. ጀስቲን ክሩገርና ዴቪድ ደኒንግ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት በፈተናው በመጨረሻው ሩብ የተገኙት፣ በእውነቱ ከመቶ ሰው 12ቱን ያህል ብቻ የሚበልጡ ሆነው ሳለ፣ 62ቱን እንበልጣለን ብለው ገምተዋል። የራሳችን ሙያ ደግሞ ከዚህ የተሻለ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ አንድ ጽሑፍ ሐኪሞች ለራሳቸው የሰጡትን ግምት ሌላ ሰው ከመዘነው ችሎታቸው ጋር ያስተያዩ 20 ንጽጽሮችን ሰብስቦ፣ በ13ቱ ግንኙነቱ ደካማ፣ ወይም ከነአካቴው የሌለ፣ ወይም የተገላቢጦሽ ሆኖ አግኝቶታል። ሐኪሙ እንዲህ ከሆነ የሰባት ዓመቱ ልጅ እንዴት ሊሆን ነው?

መልሳችን ከዚያው ከሙያችን የሚመነጭ ነው። ታማሚ ወደ ሐኪም ሲመጣ መጀመሪያ የሚደረገው መጠየቅ ነው፤ የት ያምሃል፣ መቼ ጀመረህ፣ ምን ያብሰዋል? ቀጥሎ መዳሰስና ማዳመጥ ይመጣል። የስኳር ሕመምተኛ ልቡ ተጎድቶ ደረቱን ፈጽሞ ላያመው ይችላል፤ ምንም የሌለበት ሰው ደግሞ ሞትኩ ብሎ ይመጣል። ይህ ስለሆነ ግን ታማሚውን መጠየቅ የተወ ሐኪም አናውቅም። የታማሚው ቃል ወዴት እንደምናይ የሚመራን እንጂ የምርመራው የመጨረሻ ውጤት አይደለም። የልጁንም ቃል የምንፈልገው በዚህ ልክ ነው።

ጥያቄውም መጠየቅ የሚገባው በሕመሙ ቦታ ላይ እጅ አስቀምጦ ነው። «ጎበዝ ነህ ወይ?» ወይም «ማን ያውቃል? እጅ አውጡ!» ከተባለ ሃያ አራቱም እጃቸውን ያወጣሉ፤ አንዳንዱም ሁለቱንም። የፊደል ገበታ በወረቀት አባዝተን ለእያንዳንዱ ሰጥተን «የማታውቀውን በእርሳስ ክበብ» ስንል ግን ሌላ ዓይነት መልስ ይመጣል። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ «ጸ»፣ «ጰ» እና «ጨ»ን ብቻ ከበበ። አጠገቡ ተቀምጠን ስናስነብበው እነዚያን ሦስቱን በእርግጥ አያውቃቸውም፤ ነገር ግን ከ«ቡ» እና ከ«ቢ» ጀምሮ ካዕብና ሣልስን በየረድፉ ያቀያይራቸዋል። ቅጥያው ከወገቡ ይሁን ከእግሩ ልብ ብሎ አያውቅም፤ ለእርሱ ሁለቱም አንድ ናቸው። ይህ ልጅ አልዋሸም። አለማወቁን የማያውቅበት አንድ ቦታ አለው፤ ያንን ቦታ ያገኘነው ምልክቱንና ንባቡን ጎን ለጎን ስላየን ነው። ፈተናው ለዚሁ ልጅ የሰጠው 17ኛ ነህ የሚል ቁጥር ነበር። በ17 ቁጥር ውስጥ ካዕብና ሣልስ የሚታይ ሰው ካለ ይንገረን።

በተቃራኒው አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ሦስት ረድፍ ሙሉ ከብባ ሰጠችን። ስትነበብ አንዲት አልሳተችም። ለምን ከበብሽ ስትባል ዝም አለች፤ ኋላ ላይ እናቷ ሰው ፊት አውቃለሁ ማለት ድፍረት እንደሆነ እንደምትመክራት ሰማን። እናቲቱን አንነቅፍም፤ ሁላችንም ያደግነው እንዲሁ ነው። በታላቅ ፊት «አውቃለሁ» ያለ ልጅ «አፈኛ» ይባላል፤ ዝም ያለው ጨዋ ይባላል። የውጭ አገር ጽሑፎች ራሱን ከፍ አድርጎ ስለሚገምት ተማሪ ብዙ ይላሉ። የእኛን ቤት ልጅ የሚመዝን ሰው ግን ምልክቷ ዕውቀቷን ብቻ ሳይሆን አስተዳደጓንም እንደሚናገር ማስታወስ ይኖርበታል። ስለዚህ የልጁ ምልክትና የአስተማሪው የሁለት ደቂቃ ንባብ ሲስማሙ ልጁ ወደ መረጠው ቡድን ይሂድ። ሲለያዩ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው፤ የዚያን ዕለት ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት እዚያ ላይ ይገኛል።

አንድ ሌላ ሥጋት አለን፤ ይህን ደግሞ ከእኛ በላይ ማኅበራችን ሊያስብበት ይገባል። «ግለ ሂስ» የሚለውን ቃል ከእኛ በፊት የነበሩት የተማሪ ማኅበራት መጽሔቶች በየገጻቸው ይጠቀሙበት ነበር። ኋላም በየመሥሪያ ቤቱ «ግምገማ» መጣ። የቃሎቹ ትርጉም መልካም ነው፤ ሰው ግን የተማረው በሰው ፊት ጉድለቱን የተናገረ እንደሚቀጣበት ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም የሚያወራው የማይጎዳውን ጥቃቅን ጉድለት ብቻ ሆነ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ዳሩ ግን በሽታውን የተናገረ የሚባረርበት ቤት ከሆነ መደበቁ ብልህነት ነው። ልጆችም ይህንን ከአዋቂ ይልቅ ፈጥነው ያውቃሉ። በበሩ አጠገብ ደብተሩን ያስቀመጠ ልጅ በማግሥቱ ሳቅ ከተሳቀበት ወይም «የሰነፎቹ» ከሚባል ወንበር ከተላከ፣ በሦስተኛው ዓርብ ሁሉም ደብተር መስኮቱ ሥር ይከመራል። እኛም ደስ ብሎን ሪፖርት እንጽፋለን።

እዚህ ላይ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚያስተምረን ነገር አለ። እዚያም ሰው በቡድን ይከፈላል፤ የሚከፈለው ግን ማን ቀድሞ ሊረዳ ይገባዋል በሚል ነው። የባሰበት ታማሚ ወደ ሐኪሙ ይቀርባል፤ ከሐኪሞቹም ልምድ ያለው ወደ እርሱ ይጠራል። በትምህርት ቤቶቻችን የምናውቀው የዚህ ግልባጭ ነው። ጎበዙ ከፊት ይቀመጣል፤ ከሁሉ የተሻለው መምህር ለእርሱ ይመደባል፤ ያልገባው ከመጨረሻው ዴስክ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። ስለዚህ በእኛ ክፍል «እንደገና ይነገረኝ» ያለው ቡድን ለሰሌዳው የቀረበውን ቦታና ከመካከላችን ማስተማር የሚሻለውን ሰው ያግኝ። (ያ ሰው ማን እንደሆነ በመካከላችን ገና ክርክር ላይ ነን።) በድንገተኛ ክፍል ሌላም ሕግ አለ፤ የተሰጠ ምድብ በየጊዜው እንደገና ይታያል። ጠዋት የባሰበት ከሰዓት ሊሻለው፣ ቀላል የተባለውም ሊብስበት ይችላል። የእኛም ቡድን ዕድሜ ሁለት ሰዓት ይሁን፤ ሲያልቅ ይፍረስ።

ምድቡ ከዕለት ወደ ዕለት ብቻ ሳይሆን ከትምህርት ወደ ትምህርትም መለወጥ አለበት። ከደሴ የመጣው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ «ለ»ን ከ«ሰ» ባይለይም ተረት ሲጀምር ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሁሉ የሚያነበው የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ደግሞ «ጎተራ» የሚለውን አሳምሮ አንብቦ «ምንድነው?» ብሎ ጠይቆናል፤ እዚሁ ካይሮ ተወልዶ ጎተራ ከየት አይቶ ያውቃል? በንባብ ሰዓት አንደኛው ያግዛል፤ በተረት ሰዓት ሌላኛው። በፈተናው ዝርዝር ላይ ግን አንዱ 2ኛ፣ ሌላው 22ኛ ነው፤ ሁለተኛው ተረት ሊነግረን የሚመጣ ዓርብም አልቀረለትም። ከአራቱ አንዱ እርሱ ነው።

ከአባሎቻችን ጥቂቶቹ ከዚህ ወዲያ ሄደው ሕፃናትን መመደብ ራሱ መደብ መፍጠር ነው ብለዋል። የቃሉ ግጥምጥም ደስ ያሰኛል፤ ሐሳቡን ግን አንቀበለውም። በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት ልጆችን በዕድሜና በክፍል ሳይሆን ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽ ወይም ታሪክ ማንበብ በመቻላቸው ልክ ሰብስቦ በማስተማር የታወቀ ነው። በምዕራብ ኬንያ በ121 ትምህርት ቤቶች የተካሄደውና በ2011 እ.ኤ.አ. በኤስተር ዱፍሎ፣ በፓስካሊን ዱፓና በማይክል ክሬመር የታተመው ጥናት ደግሞ የአንደኛ ክፍል ልጆች በነበራቸው ውጤት በሁለት ክፍል ተለያይተው ሲማሩ ላይኞቹ ብቻ ሳይሆኑ ታችኞቹም እንደ ተሻሻሉ አሳይቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ መምህሩ ትምህርቱን ከፊቱ ላሉት ልጆች ልክ ማድረግ መቻሉ ነው። ያልገባውን ልጅ ከገባው ጋር ደርድሮ ለሁለቱም እኩል የማይገባ ነገር መንገር እኩልነት አይባልም። እኛ ከእነዚህ የምንለየው በአንድ ነገር ነው። በእነርሱ ዘንድ የመዘነው አዋቂው ነው፤ ልጁ አልተጠየቀም። ሁለት ሰዓትና አምስት አስተማሪ ይዘን በየሳምንቱ 24 ልጅ መፈተን ስለማንችል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያልገባውን ለይቶ መናገር የለመደ ልጅ እኛ በሌለንበት በስድስቱ ቀንም ስለሚጠቅመው፣ ልጁን መጠየቅ እንመርጣለን።

በስብሰባው ላይ የምናቀርበው እንግዲህ ይህ ነው። የደረጃው ዝርዝር ከግድግዳው ይነሣ። በፈተናው የተሾሙት አራት መሪዎች ተራ ልጆች ሆነው ይቀጥሉ፤ እኛ እንደምናየው ይህ ከሁሉ በላይ የሚያስደስተው እነርሱኑ ነው። ከማኅበሩ ሁለት ሰው፣ ቢቻል አንዲቷ እህት፣ ወደ ቀሩት አራት ልጆች ቤት ሄደው እናቶቹን ያነጋግሩ። ለፊደል ገበታው ማባዣ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ይመደብ። ይህ አሠራር እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይሞከርና ልጆቹ በተገኙበት ዓርብ ብዛትና በንባባቸው ይመዘን፤ ካልሠራ እኛው ራሳችን በዚሁ ገጽ ላይ እንጽፋለን።

ከመካከላችን ሁለታችን ከመጋቢት ጀምሮ ለሆስፒታል ልምምድ ወደ ሌላ ከተማ ስለምንሄድ ሁለት አስተማሪ ይጎድላል። ሰዓቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ነው። ፊደል የሚያውቅ ሁሉ ይበቃል። የእጅ ጽሑፉ ያማረ ሰው ከተገኘ ደግሞ ገበታውን እንዲጽፍልን እንለምነዋለን፤ አሁን ያለውን የጻፍነው እኛ ስለሆንን ልጆቹ ካልለዩዋቸው ፊደላት አንዳንዱን እኛም አልለየነውም።